በእናቴ ቦታ የተነሳሁት ፎቶ

መቱ ውስጥ ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ ሰው ቤት ብትገቡ፣ ሶር ፏፏቴ ፊት የተነሳ ፎቶ ግድግዳው ላይ አታጡም። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ግን ፏፏቴው ድረስ ሄደው አያውቁም። የተነሱት አባቴ አቡጀዲ ላይ የሳለው ፏፏቴ ፊት ነው።

አባቴ ታፔላ ጸሐፊ ነው። የሱቅ፣ የሆቴል፣ የክሊኒክ ስም ላይኛውን በኦሮምኛ በቁቤ ፊደል፣ ታችኛውን በአማርኛ ይጽፋል። ልጅ ሆኜ የቀለም ቆርቆሮ ይዤለት አጠገቡ ስቆም፣ ላይኛው ስም ሲጣራ ታችኛው የሚመልስለት ይመስለኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ብዙ ነገር ለማንም የማልናገር ልጅ ነበርኩ። አሁን የምጽፈው ታሪክም የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ነው።

ፏፏቴውን የሳለው እኔ ከመወለዴ በፊት ለአንድ ፎቶ ቤት ነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ አባታቸው በቡና ንግድ ጎሬ ከተማ የገቡ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሥዕሉ ሲጀመር ጋሼ "ውሃውን ትንሽ ወደ ግራ አድርገው፤ መሃሉ ላይ ሰው ነው የሚቀመጠው" ብለው አባቴን እንዳዘዙት፣ አባቴ ዛሬም ሲያወራ ይስቃል። "ሶርን ወደ ግራ ያዞርኩ እኔ ብቻ ነኝ" ይላል።

እናቴ እዚያ ፏፏቴ ፊት የተነሳችው አንድ ጊዜ ነው።

የተወለደችው ወሎ ነው። ያደገችው ግን ከኡካ ከተማ ወዲያ፣ በእግር ረጅም መንገድ ተሂዶ በሚደረስበት የሰፈራ መንደር ነው። በድርቁ ዘመን ገና ልጅ ሳለች ነው ወላጆቿ ይዘዋት የመጡት። ሰፋሪዎቹ በመንደሩ ሥር የሚያልፈውን ጅረት ቦርከና አሉት፤ ትተውት በመጡት ወንዝ ስም። ጅረቱ ድሮም ስም ነበረው፤ የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያው በኦሮምኛ ስሙ ነው። አባቴ ለመንደሩ ጤና ጣቢያ ታፔላ ሊጽፍ ሄዶ ብሩሽ የሚያጥብበት ውሃ ሲጠይቅ፣ "ቦርከና ይውረዱ" ብላ መንገዱን ያሳየችው እናቴ ናት።

"ቦርከናማ ወሎ ነው" አላት።

"ትልቁ ወሎ ነው። ይሄ የኛው ነው" አለችው።

አባቴ ይህን ሲናገር ሁልጊዜ ቃሉን ሳይለውጥ ነው። በዚያ መንደር ልጅ ሁሉ የጅረቱ ስም የመጣው ከሩቅ መሆኑን እያወቀ ያድግ ነበር። ያኔ ይህን እንደ ቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ፎቶው የተነሳው በተጋቡ በዓመቱ ነው። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ሁለት እጆቿን ጋሼ እንዳዘዟት ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ከኋላዋ ውሃው ወደ ግራ ይወርዳል። ሌላ ፎቶ አልነበራትም። ከአጭር ሕመም በኋላ ስትሞት እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ሁለተኛ ዓመቷን አልደፈነችም። እህቴ ስለ እናታችን የምታውቀው ያንን ፎቶ ብቻ ነው። አፏን ስትፈታ አባቴ አቅፎ ግድግዳው ድረስ ይወስዳትና "ደህና ዋይ በያት" ይላት ነበር። በኋላም ትምህርት ቤት ስትሄድ ቦርሳዋን እንዳዘለች ቀና ብላ "እማዬ፣ ደህና ዋይ" ሳትል ከቤት አትወጣም።

እኛ አገር ክረምቱ ረጅም ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ አረንጓዴ ፀጉር ያበቅላል፤ ደብተር ይርሳል፤ የጨው ዕቃ ውሃ ያቁራል። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ብዙ ቤት ፎቶውንም ዲፕሎማውንም ከሳሎን አውርዶ ከማድ ቤት ጋር ወደሚዋሰነው ግድግዳ ያዛውራል፤ የምድጃው ሙቀት እንዲያገኘው። እኛም እናታችንን በየክረምቱ እናዛውራት ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት በሞላኝ ክረምት ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። በፎቶውና በፍሬሙ መስተዋት መሃል ዙሪያውን የሚከብ ካርቶን ነበር፤ ሻግቶ አገኘሁት። አውጥቼ ጣልኩትና ፎቶውን በቀጥታ ከመስተዋቱ ጋር አጣብቄ አሰርኩት። እንዲያውም ቀረብ ብላ የምትታይ መስሎኝ ደስ አለኝ። ቀን ምድጃው ያሞቀዋል፤ ሌሊት ዝናቡ ያረጥበዋል። መስከረም ላይ ወደ ሳሎን ልመልሰው ሳወርደው ግንባሯ ላይ እንደ ዘይት ጠብታ ያለ ነገር አየሁ። ለማጽዳት ፍሬሙን ፈታሁ። ወረቀቱን ከመስተዋቱ ላይ ስስበው ትንሽ ድምፅ አሰማ፤ አንድ ሰው በቀስታ የሚተነፍስ ይመስላል። እጄ ላይ የመጣው ወረቀት አንገት የሌለበት ነጠላ፣ አረንጓዴ ሹራብ፣ ሁለት እጆችና ውሃ ያለበት ነበር። ፊቷ መስተዋቱ ላይ ቀርቷል። ደነገጥኩና በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብዬ ላነሳው ሞከርኩ። ቡናማ ውሃ ሆኖ በጣቶቼ መሃል ወረደ።

የዚያን ቀን ለአባቴ "ሻግቶብኝ ፎቶ ቤት ለማሳደስ ወሰድኩት" አልኩት።

"ጥሩ አደረግሽ፣ ኢንታላ ኮ" አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ሲያዝንልኝ ወይም ሲደሰትብኝ በኦሮምኛ ይጠራኛል።

በማግስቱ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን በደብተር መሃል ይዤ ነበር። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ብዙ ጊዜ አዩት።

"ኔጋቲቩ የለም፣ ጋሼ?"

"ኔጋቲቭ? የኢሉባቦር ሻጋታ እሱን ከበላው ስንት ዘመኑ፣ ልጄ! ግማሽ ከተማ ነው የበላብኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እስቲ ቀና በይ።"

አቀርቅሬ ስለነበር ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ።

"ወላሂ፣ እሷው ነሽ" አሉ። "ሹራቡ አለ?"

ሹራቡ ሣጥን ውስጥ ነበር። ምን ለማለት እንደፈለጉ ገባኝ። እሳቸው ግን ነገሩን ስለ ሥራ ሲያወሩ በሚናገሩበት ድምፅ አስረዱኝ። ፎቶ ሳይነሳ የሞተ ብዙ ሰው አለ። ቤተሰቡ ለሙት ዓመቱ ወይም ለመቃብሩ ሲፈልግ ቁርጥ የሚመስለው ወንድሙ ወይም ልጁ ይመጣል፤ የሟቹን ልብስ ይለብስና ይነሳል። "ስንት ቤት ግድግዳ ላይ የልጅ ፊት በእናት ስም ተሰቅሏል መሰለሽ? ነውር የለውም። ቤተሰቡ አውቆና ተስማምቶ ነው።" መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መልሰው ጠየቁኝ፤ "አባትሽ ያውቃል አይደል?"

"ያውቃል" አልኩ።

በሕይወቴ ፎቶ መነሳት እጠላ ነበር። በክፍል ፎቶ ላይ እንኳ ሁልጊዜ ከረጅም ልጅ ኋላ ነኝ። ያን ቀን ግን የናፍታሊን ሽታ ያለበትን የእናቴን ሹራብ ለብሼ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጌ አባቴ የሳለው ውሃ ፊት ተቀመጥኩ። በግራ ትከሻዬ በኩል ከዛፍ ላይ አንድ ጉሬዛ ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ይታያል። "እጅሽን ተዪው፤ እስከ ደረት ነው የማወጣው" አሉኝ ጋሼ። "አትፍሪ እንጂ! እናትሽ እንዲህ አልፈራችም። እንዲያውም እኔን በሳቅ ጨርሳኝ ነበር።" በሳምንቱ ቀለሙን በኮምፒውተር አደብዝዘው አሮጌ አስመስለው ሰጡኝ። ቤት አምጥቼ ፍሬሙን ስከፍት እህቴ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ተንጠራርታ አየችና "እማዬ ወጣት ሆነች!" ብላ አጨበጨበች። አባቴ ከፊቱ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ጋሼ አሳምሮ ነው ያደሰው" አለና ራሱ ሚስማሩን አስተካክሎ ሰቀለው።

ወረቀቱን፣ ፊት የሌለውን፣ ትልቅ መዝገበ ቃላት ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እህቴ "እማዬ፣ ደህና ዋይ" ስትል እሰማለሁ። ሰላምታው ለእኔ ነበር፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ጫማዬን አስራለሁ። መጀመሪያ መልሱን ሰርቄ ያለፍኩት ፈተና ይመስለኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት። ራሴን የማጽናናው በእናቴ ጅረት ነበር፤ ከወሎ በተዋሰው ስም ቢጠራም የሚጠጣ ውሃ ነው፤ ጥማት ይቆርጣል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከመቱ ርቄ ስኖር ግን ሌላ ነገር ደረሰብኝ። አንድ ቀን የእናቴን ፊት ለማስታወስ ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጣው ፎቶው ነበር። ከፎቶው በፊት የነበረውን፣ እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ በየቀኑ ያየሁትን ፊት ፈለግኩ፤ ጠራሁት። የመለሰልኝ የራሴ ፊት ነው። ያን ጊዜ ያጠፋሁት ምን እንደሆነ በትክክል ገባኝ። ቢሆንም ጉዳቱ የእኔ ብቻ መሰለኝና ዝም አልኩ።

የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት ተመርቄ ቤት በተመለስኩበት ዓመት ነው። የእናታችን ታናሽ እህት ለብዙ ዓመት ሩቅ ተድራ ኖራ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቀን መጣች። ገና ከበሩ ፎቶውን ስታይ ሻንጣዋን መሬት ጥላ "እህቴን! እህት ዓለሜን!" እያለች አለቀሰች። እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ወደ ጓዳ ሸሸሁ። ስመለስ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ እኔንና ፎቶውን እያፈራረቀች ታያለች።

"አምላክ ቀድቶ ነው የሰጣችሁ" አለች። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረችና በፍቅር ጉንጯን ቆንጠጥ አደረገቻት። "አንቺ ደግሞ የአባትሽ ወገን ነሽ፣ አመዳም! ከእሷ ምንም አልወሰድሽ።"

ሁሉም ሳቀ። እህቴም ሳቀች፤ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ፎቶውን "ደህና ዋይ" ማለት አቆመች። መጀመሪያ ልጅነቷን ትታ ነው ብዬ ነበር። አንድ ቅዳሜ ልብስ አጥበን ስናሰጣ፣ አንሶላው መሃላችን እንደተዘረጋ፣ ፊቷ ሳይታየኝ ጠየቀችኝ።

"እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ከሌላ ሴት ነው የተወለድኩት?"

"ምን ነካሽ?"

"አንቺን በሰፈሩ ሁሉ እናቷን ቁርጥ ይሉሻል። እኔን ግን ዝም ነው የሚሉኝ። መስተዋት ይዤ ፎቶው አጠገብ ቆሜያለሁ። አንድ ነገር የለኝም፤ አንድ! አባዬ ከሌላ ወልዶኝ እንደሆነ ልወቀው።"

"ሞኝ!" አልኩ። አንሶላውን ደጋግሜ አስተካከልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የክፍሏ ልጆች ሶርን ሊጎበኙ ሲሄዱ፣ ከቤት ሰው ይከተል ስለተባለ አብሬያት ሄድኩ። ጫካው ውስጥ ገብተን ወደ ውሃው ከመውረዳችን በፊት አንድ ገደል አፋፍ አለ። ፏፏቴው ሥር ድምፅ ሁሉ በውሃው ይዋጣል፤ እዚያ አፋፍ ላይ ግን የገደል ማሚቶ አለ። ልጆቹ ተሰልፈው የራሳቸውንም የአስተማሪያቸውንም ስም ይጮሃሉ፣ ይሳደባሉ፣ ስድቡ ሲመለስባቸው ይንከተከታሉ። አንዱ "ሂሳብ ይውደቅ!" ብሎ ጮኸ፤ ገደሉ "ይውደቅ!" ብሎ ተስማማ። እህቴ ተራዋ ሲደርስ እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ "እማዬ!" አለች።

"ማዬ" አለ ገደሉ።

እህቴ ወደ እኔ መጥታ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "አየሽ፣ እዚህም ግማሹን ነው የምትመልስልኝ" አለችኝ። ለመቀለድ ነበር የፈለገችው። ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

ወደ መቱ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። የእናቴ መንደር ሰዎች በሐሳቤ መጡ። እነሱም የተዋሱት ነገር ነበራቸው፤ ግን ለልጆቻቸው "ትልቁ ወሎ ነው" ብለው ነግረዋል። ጋሼም ቤተሰቡ አውቆ ነው ብለውኝ ነበር። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ይህ ግን ትንሽ አይደለም። እኔ አንዲት ልጅ እናቷን እንድትመስል ሳይሆን እኔን እንድትመስል ጠይቄያታለሁ፤ ሳትመስል ስትቀር ጥፋቱ የእሷ መስሏታል።

ቤት ስንደርስ ዝናብ ጀምሮ ነበር። አባቴ በረንዳ ላይ ታፔላ ይቀባል። እህቴን ወደ ውስጥ ጠርቼ በሩን ሳልዘጋ መዝገበ ቃላቱን አወረድኩ፤ ወረቀቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"እማዬ ይቺ ናት" አልኩ። "ግድግዳው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።"

ካርቶኑን መጣሌን፣ መስተዋቱን፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረጌን፣ ጋሼን መዋሸቴን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ስለሚጮህ ከለመድኩት በላይ ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። እህቴ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ከዚያ እኔን አየች።

"ስምንት ዓመት ሙሉ" አለች፤ "ስምንት ዓመት ሙሉ 'እማዬ ደህና ዋይ' ስልሽ፣ ቤት በነበርሽ ቀን ሁሉ አጠገቤ ቆመሽ ጫማሽን ታስሪያለሽ?"

"አዎ።"

"አንድ ቀን እንኳ 'ደህና ዋይ' ብትዪኝ ምን ነበረበት!"

እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ዓይኗ ፊት በነበረበት ቦታ ላይ አልቆየም፤ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ የግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ፣ ከፎቶው እጅ አጠገብ፣ ልክ እንደዚያው ዘረጋችው።

የእናታችን የግራ ትንሿ ጣት ጫፏ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለች ናት። የእህቴም እንደዚያው። ሕፃን ሆና ሳጥባት፣ ጥፍሯን ስቆርጥላት፣ እርሳስ አያያዝ ሳስተምራት ያቺን ጣት ሺህ ጊዜ ይዣታለሁ። የሁለታችንም ዓይን ሁልጊዜ ፊት ላይ ስለነበር ማንም አላያትም። እኔ ደግሞ እጆቹን መዝገበ ቃላት ውስጥ ዘግቼባቸው ነበር።

እህቴ ጣቷን ጎንበስ ቀና ታደርጋታለች።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ብሩሹን በእጁ እንደያዘ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሰማ አላውቅም።

"አባዬ፣ እኔ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ" አለ። ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ በብሩሹ ጠቆመ። "ያንን ጉሬዛ የጨመርኩት እናታችሁ ከሞተች በኋላ ነው። ጋሼ 'ልጆች ሲነሱ የሚስቁበት ነገር ሳልልኝ' አለኝና ሳልኩት። በእሷ ጊዜ እዚያ ዛፍ ላይ ምንም አልነበረም።"

"ካመጣሁት ቀን ጀምሮ ታውቃለህ?"

"ቀና ብለሽ አላየሽኝም ነበር፣ ኢንታላ ኮ። ስትጽናኚ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው።" ብሩሹን አየ። "ቆየሽ። ለትንሿ ግን መናገር ነበረብኝ። እሷን አላሰብኩም።"

እህቴ ለብዙ ቀናት አኩርፋን ነበር፤ ሁለታችንንም። ተገቢ ነበር። በስተመጨረሻ ከፎቶ ቤቱ ሌላ ፍሬም ገዝታ መጣች፤ በመስተዋቱና በወረቀቱ መሃል ወፍራም ካርቶን ያለበት። ፊት የሌለውን ፎቶ ከእኔው አጠገብ፣ ትንሽ ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። የእኔን እንድናወርደው ለመንኳት፤ "ትኑር፣ ምን አደረገች" አለችኝ። በየጠዋቱ ቦርሳዋን አንግታ ወደ አዲሱ ፍሬም ቀና ትልና "ደህና ዋይ" ትላለች። ከዚያ ወደ እኔኛው ዞር ብላ "አንቺም፣ ሌባ" ትለዋለች።

አክስታችን በዓመቱ ስትመለስ ሁለቱን ፎቶዎች አይታ ግራ ገባት። እህቴ አስረዳቻት። አክስታችን አፈረች።

"በእህቴ ቤት ግድግዳ ላይ እህቴን አየሁ፤ እኔ ምን ላድርግ?" አለች። "ይቺኛዋማ ፊት የላትም፣ ልጄ።"

"እጇን ይዩት" አለች እህቴ፤ የራሷንም ዘረጋችላት።

አክስታችን ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ያቺን ትንሽ ጣት በሁለት እጆቿ ያዘቻት።

"ከቦርከና ውሃ ቀድተን ስንወጣ" አለች፣ "የጀሪካኑ እጀታ ላይ ሁሉም ጣቷ ይገባል፤ ይቺ ብቻ ውጭ ትቀራለች። እኔ ከኋላዋ እየሄድኩ ሳያት ነው ዳገቱን የምጨርሰው።"

ምሳ ቀርቦ ተጠራን። አክስታችን ግን የእህቴን ጣት እንደያዘች ነበር፤ አለቀቀቻትም።